ልብስ ላይ የማያርፍ ጢስ

የእድራችን ድስቶች የሚቀመጡት እኔ ቤት ነበር። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሮቹ ሌላ ቦታ ናቸው፤ ድስቱ፣ ትሪው፣ ጭልፋውና የብረት ኩባያው ግን ጓሮዬ ሰፋ ስለሚል ለእኔ ተሰጠ። እድራችን ክርስቲያንም እስላምም ያለበት ስለሆነ፣ በድስቶቹ ሥጋ እንዳይሠራባቸው ገና ሲገዙ ተወስኗል። ንፍሮ፣ ሩዝና ሻይ ብቻ። ለክርስቲያኑ ለቅሶም ለእስላሙ ተእዚያም እነዚያው ድስቶች ይወጣሉ፣ እነዚያው ይመለሳሉ፤ እኔ በአመድ አሽቼ አጥባቸውና ጓሮ ደፍቼ አደርቃቸዋለሁ። ሰው ሲሞት ከጥሩምባው በፊት የሚንኳኳው የእኔ በር ነው።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ መሠረተ ትምህርት ብለው ቀበሌ ሲሰበስቡን ነው። ሞት በዛ ወይም ቀነሰ ብሎ የሚጽፍ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ የማውቀው በድስቱ ነው። ደህና በነበርንበት ጊዜ ድስቶቹን ላወጣ ስሄድ ሸረሪት አድርታባቸው አገኛለሁ። ድሩን በእጄ ስጠርግ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይሄን ያህል ጊዜ ማንም አልሞተም ማለት ነዋ። በኋላ ግን ሸረሪቷ ጊዜ አጣች። ድስቶቹ ራሳቸው መድረቂያ ጊዜ አጡ።

ቤታችን ድሬዳዋ፣ አሸዋው ዳር ነው። አሸዋው የምንለው የወንዙን መሄጃ ነው፤ ክረምት አንዳንዴ ጎርፍ ያወርዳል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ከማዶው ኖራ ማቃጠያ ነበር። ድሮ የአንድ ሰው ነበር፣ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። ድንጋዩን እቶን ውስጥ ያቃጥሉታል፣ ሲበርድ ይወቅጡታል፣ በወንፊት ይነፉታል። ሲነፋ ነጩ አቧራ ይነሳና አሸዋውን ተሻግሮ እኛ ላይ ይራገፋል። እንጨት ሲጠፋ ደግሞ እቶኑን በአሮጌ ጎማና ከመኪና በተቀዳ ጥቁር ዘይት ማንደድ ጀመሩ።

እኛ ሴቶቹ የተጣላነው ከነጩ አቧራ ጋር ነበር። ምክንያቱ ሳሙና ነው። ያኔ ሳሙና በራሽን ነው፤ ፀሐይ አናታችንን እስኪበሳው ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ተሰልፈን ነው አንዷን ቁራጭ የምናገኘው። በዚያች ቁራጭ ያጠብነውን ልብስ ገና ገመድ ላይ ሳለ ኖራ ያለብሰዋል። እንደገና ማጠብ፣ እንደገና ማስጣት። ኋላ ኋላ ገመዱ ላይ ያለው ልብስ የአየር ማወቂያችን ሆነ። ወጥተን ጣታችንን ልብሱ ላይ እናሳልፋለን። ነጭ ከያዘ ልጆቹን ወደ ቤት እንሰበስባለን። ካልያዘ «ዛሬስ አየሩ ደህና ነው» ብለን እንለቃቸዋለን። አንዷ ለአንዷ ያስተማረችው አይደለም፤ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምናደርገው።

አንድ ልጅ ነበረችኝ። ከእሷ በፊት የመጡት አልቆዩልኝም። ባለቤቴ ባቡር ላይ ስለሚሠራ የሳምንቱን ግማሽ ቤት አይኖርም፤ የምንውለውም የምናድረውም እኔና እሷ ነን። ደረቷ ከትንሽነቷ ደካማ ነው። ስትተኛ ከአንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ትገባለች፣ ትወጣለች። እኔ እሷን እያየሁ ነው የማድረው። ስትሮጥ ደረቷ ውስጥ የሚያፏጨውን ሰው ሲሰማ «ጉንፋን ነው» እላለሁ። የበሽታውን ስም ብጠራው እዚያው የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር።

የግድግዳ ጎረቤቴ ከቢዮ አዋሌ፣ ከዳገቱ ገጠር፣ ወርዳ እዚህ ያገባች ኦሮሞ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ልጄ አፍ ስትፈታ እኔን እማ፣ እሷን አዮ ብላ ነው የፈታችው። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፤ ግን ድሬ ነውና አንቺ ነው የምንባባለው። ማለዳ ማለዳ ግድግዳውን በጡጫ ትመታለች፣ እኔም መልሼ እመታለሁ። አለሁ፣ አለሽ ወይ ነው ነገሩ።

ቀበሌ እንሂድ ያለችው እሷ ናት።

«አቦ፣ እስከ መቼ ኖራ እንቃማለን? ትናንት አንዱ ገዢ ቲማቲሜን አገላብጦ 'እናት፣ ይሄ ለምጽ ወጥቶበታል እንዴ?' አለኝ።»

«ቀበሌ? እኔ አልሄድም።»

«ሳሙና ልንጠይቅ እንጂ መንግሥት ልንገለብጥ ነው እንዴ? ተነሺ!»

«ቀስ በይ! ግድግዳ ይሰማል።»

«ግድግዳውማ የእኔና ያንቺ ነው። ማን ይሰማል፣ ዶሮዬ?»

ሄድን። የሴቶች ማህበር ስብሰባ ቀን ስለነበር ብዙ ነን። ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ፣ እስክሪብቶ ኪሱ ላይ ሰክቶ አዳመጠን። አንዷ ስለ ልብሷ፣ አንዷ ስለ ዱቄቷ፣ ሁሉም ተናገረች። መጨረሻ ላይ «ታዲያ ምን ይደረግላችሁ?» ሲለን «ልብስ ገመድ ላይ በሌለበት ሰዓት ይሥሩ!» ብለን ጮህን። እሱም የእናቶች ጥያቄ ተገቢ ነው ብሎ አስጨበጨበልን። ከዚያ ወዲህ ኖራው በቆርቆሮ በተከለለ ቤት ውስጥ እንዲነፋ፣ እቶኑም ቀን ቀን መንደዱ ቀርቶ ሲመሽ ተለኩሶ እስኪነጋ እንዲነድ ተባለ። እልል አልን። ጎረቤቴ በመንገድ ላይ «አየሽ? አልበሉሽም!» እያለች ጎኔን ትጎሽመኝ ነበር።

እውነትም አቧራው ቀረ። የልጄ የትምህርት ቤት ሸሚዝ አመሻሽ ላይ ከገመዱ ሲወርድ እንደተሰጣ ነው። ጣቴን አሳልፌ አሳያታለሁ፣ እሷም ጣቷን አሳልፋ ታሳየኛለች፣ እንስቃለን። ወሩ የሙቀት ወር ነበር። በድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ አይተኛም፤ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚያድረው። ኖራው አንሶላውን እያለበሰ ይሄን አስትቶን ነበር። አሁን በየግቢው አልጋው ወጣ። እኔም የልጄን አልጋ አወጣሁ። አየር ታግኝ ብዬ።

ማለዳ ስነሳ አሸዋው ላይ የተኛ ነገር አያለሁ። ጢስ ነው እንዳትይው ስስ ነው፤ ደመና እንዳትይው መሬት ላይ ነው። ሰማያዊ ይመስላል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ይጠፋል። የጎማው ሽታ መጀመሪያ ይከብደን ነበር፣ ከዚያ አፍንጫችን ለመደው። ልብስ ላይ የሚያሳርፈው ነገር የለም። ልብሱ ንፁህ ነው፤ ስለዚህ አየሩ ደህና ነው።

ድስቱ ግን መውጣት አበዛ።

መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ናቸው። እነሱማ እድሜያቸው ነው ተባለ። ቀጥሎ አንዲት አራስ ልጇን ቀበረች፤ የልጅ ነገር ተባለ። ባቡር ጣቢያ ጆንያ የሚሸከም፣ ክንዱ የእኔን ወገብ የሚያህል ሰው፣ ከአልጋው ተነስቶ ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ልብ ነው ተባለ። እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት ነበረው። እያንዳንዱን ምክንያት ለብቻው ስትሰሚው ልክ ነው። እኔ ግን አንዱን ድስት ለብቻው አልነበረም የማጥበው። ገና ውሃው ሳይንጠፈጠፍ በሩ ይንኳኳል፣ እርጥቡን አንስተው ይሄዳሉ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የልጄን አንገት ነው፤ ከዚያ ነው «ማን ነው?» የምለው።

ክረምቱ እንዳለፈ ልጄ ታመመች። ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ እየተነሳ ነው የምትተነፍሰው። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሬ አሸተትኳት፤ ፀበልም አጠጣኋት። ከንፈሯ ሲጠቁር ተሸክሜ ሐኪም ቤት ገባሁ። ያኔ የኩባ ሐኪሞች ነበሩ። ዶክተሩ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ አንዷ ነርስ ወደ አማርኛ ትመልስልናለች። መርፌ ተወጋችና ትንፋሿ ሲረጋ ዶክተሩ የት እንደምንኖር፣ ምን እንደሚነድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነድ ጠየቀ። እኔ ኩራት ቢጤ ይዞኝ «አቧራውንማ አስቀርተነዋል» አልኩ።

ዶክተሩ ብዙ ተናገረ። ነርሷ አሳጥራ ነገረችኝ።

«የሚታየውን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዘዋል ነው የሚለው። የማይታየው ነው ሳንባ ታች ድረስ የሚወርደው። ከዚያም ደም ውስጥ ይገባል። የታመመ ልብ፣ የታመመ ደረት፣ ሽማግሌና ሕፃን ያለበት ቤት ቀድሞ ይጎዳል ይላል።»

«ልብም?»

ጠየቀችልኝ። «ልብም» አለች።

ጫማውን ሲያስር የወደቀው ሰውዬ ትዝ አለኝ።

«እና ምን ላድርግ?»

«ከዚያ አካባቢ አውጪያት ይላል።»

«ወዴት?»

ነርሷ ለዶክተሩ ነገረችው፤ እሱም ትከሻውን ነቀነቀ። «እሱን አላውቅም ይልሻል» አለችኝ።

ቤት የቀበሌ ነው። ቅያሪ መጠየቅ ማለት ስንት ደጅ መጥናት ነው። ጎረቤቴ ይሄን ስትሰማ ብዙ አላሰበችም። «እህቴ አለች አይደል ቢዮ አዋሌ? ልጅቷ የእኔም አይደለችም እንዴ? ፍየል ትጠብቅላታለች፣ ወተት ትጠጣለች፣ ወላሂ ስትመለስ አታውቅሽም!» ልጄን በአትክልት መኪና ጫንናት። ስትሄድ አላለቀሰችም። እኔም ፊቷ ላለማልቀስ ስለ ጫማዋ ክር ስቆጣት ነበር።

ልጠይቃት ስሄድ ከዳገቱ ላይ ቁልቁል ሮጣ መጣች። ሮጣ! አቅፌ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ጣልኩት። ምንም አያፏጭም። «እማ፣ ምን ታዳምጫለሽ?» ብላ ሳቀች። የጎረቤቴ እህት «ዛሬ ገና መጣሽ፤ እሷማ በሩጫ እኔንም ሳትበልጠኝ አትቀርም» አለችኝ። ያን ቀን አመስግኜ ተመለስኩ። መኪናው ወደ ድሬ ሲወርድ ከሩቅ ሰፈራችን ታየኝ፤ ያ ስስ ነገር ከላዩ ተኝቷል። ከውስጡ ሆኜ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር።

ያየሁትን ለጎረቤቴ ነገርኳት። ኅዳር ገብቶ ንፋሱ ቆሟል። እሷም ማሳል ጀምራለች። ቅዝቃዜው መጣ ብንላትም ቤት ውስጥ መተኛት እምቢ አለች፤ «ያፍነኛል፣ ደጅ ይሻለኛል» ትላለች። እንደገና ቀበሌ ሄድን። አሁን ሁለታችን ብቻ ነን። የቀሩት ሴቶች «ምን ጎደለን?» አሉ፤ ልብሳቸው ንፁህ ነዋ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ «እቶኑ ወደ ቀን ይመለስልን።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አየን። «እናንተ አይደላችሁም አቧራ ጨረሰን ያላችሁት? አሁን ደግሞ አቧራችንን መልሱልን ነው?»

ቢሮ ውስጥ ያሉት ሳቁ።

«አዎ፣ መልሱልን» አለች ጎረቤቴ። «አቧራውን እናጥበው ነበር። ይሄን በምን እንጠበው?»

«ይሄን ስትይ ምኑን?»

«ጢሱን። ቀን ቢሆን ነፋስ ይወስደዋል። ሌሊት እኛው ላይ ይተኛል።»

ሊቀመንበሩ ተነሳ። በመስኮቱ ደፍ ላይ ጣቱን አሳለፈና ወደ እኛ ዘረጋው። «ንፁህ ነው። የታለ? አሳዩኝ።»

የምናሳየው የለንም። የዶክተሩን ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ምርት የሚያደናቅፍ ጥያቄ ነው። ከኋላችሁ ማነው ያለው?» አለ። ያኔ ይሄ ጥያቄ የት እንደሚያደርስ ማን አያውቅም? «ማንም የለም ጓድ፣ እኛው ነን፣ ይቅርታ» አልኩና የጎረቤቴን ሻሽ ጎትቼ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ጎኔን አልጎሸመችኝም። ሁለት ሦስቴ ቆማ አየር ሳበች፣ ከዚያ «አቦ፣ ጣቱን አየሽው? ከእኔ ቲማቲም ይጠራል» አለች። ሳቀች፣ ሳሏ ሳቋን ቀማት።

ከዚያ ብዙም አልቆየች። አንድ ማለዳ ግድግዳው አልተመታም። እኔ መታሁ። ደግሜ መታሁ። ዞሬ ስገባ ግቢዋ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ፣ ለመነሳት እንዳለች አንድ እግሯን ወደ መሬት አውርዳ ነው ያገኘኋት። ጥሩምባው ሳይነፋ ድስቶቹን ራሴ አወጣሁ። ዕለቱኑ ተቀበረች፤ ድንኳኑ በሯ ላይ ተተከለ።

ለእህቷ በመኪና መልእክት ልከናል። ልጄን ይዘሽ እንዳትመጪ ማለት ነበረብኝ። ግን እንዴት ይባላል? አዮ ብላ የጠራቻት ሴት ሞታ ልጅቷ ለቅሶ አትምጣ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? እህትየው ልጄን ትታት እንድትመጣ በልቤ ለመንኩ፤ ለማን እንደለመንኩ እንጃ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ቆመ። እህትየው እየጮኸች ወረደች፣ ከኋላዋ ልጄ። አድጋለች። ፊቷ ሞልቷል። ሩዝ እያማሰልኩ ነበር፣ ጭልፋውን እንደያዝኩ ሮጬ አቀፍኳት። ሰው ሁሉ በሟች ሐዘን የማለቅስ መስሎት «አይዞሽ» ይለኛል።

«በዚሁ መኪና ተመለሺ» አልኳት ጆሮዋ ሥር።

«አዮ ሞታ?» አለችኝ። እንደማታውቀኝ ነው ያየችኝ።

እህትየውም ተእዚያው ሳያልቅ መሄድ አይሆንላትም። ልጄን ለብቻዋ የምሰድላት ሰው የለም። መስኮቱን ዘጋሁ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቀጠቅሁ። ጨርቁን ባየው ባየው ንፁህ ነው። የሚገባውን የት ጋ እንደምይዘው አላውቅም። መጀመሪያ ቀን ምንም አልሆነችም። ምናልባት ቢዮ አዋሌ አጠንክሯት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ንጋት ላይ ያችን ፉጨት ሰማሁ።

የሌሊቱ ሰዓት እላፊ ገና አላበቃም ነበር። በር ከፍቼ ብወጣ የአብዮት ጥበቃዎቹ ጥግ ላይ ናቸው። መርፌው ያለው ሐኪም ቤት፣ ሐኪም ቤቱ ያለው ከጥበቃዎቹ ማዶ። ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ጀርባዋን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ «ቀስ በይ፣ ቀስ እያልሽ ሳቢ» እላታለሁ፤ የሚሳበው ያው አየር ነው። ግድግዳውን በጡጫ መታሁ። ማን እንዲመልስ እንደሆነ እንጃ። ብርሃን ሲሆን ታክሲ ተገኘ፤ ሐኪም ቤት በር ስንደርስ ግን ያችን ከአንገቷ ሥር ያለች ቦታ አየኋት። አትገባም፣ አትወጣም።

ባለቤቴ ከባቡር ወርዶ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። ድስት ለመውሰድ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም፤ ድስቶቹ ከጎረቤቴ ተእዚያ ተመልሰው ጓሮዬ ውስጥ እርጥብ ነበሩ። ድንኳኑንም አላፈረሱትም። አራት ወጣቶች ቋሚዎቹን ነቅለው ከእሷ በር ወደ እኔ በር ገፋ አደረጉት።

ሴቶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ልብሳቸው ነጭ ነው። እርስ በርስ ያወራሉ። ስለ ቅዝቃዜው፣ ስለ ሳሙና። አንዷ በደግነት፣ ልታጽናናኝ ብላ፣ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ደግነቱ» አለችኝ፣ «ዘንድሮ ያ አቧራ ቀርቶልናል።»

እጄን አንስቼ ከጎኔ ባለው የድንኳን ሸራ ላይ ጣቴን አሳለፍኩና አየሁት። ንፁህ ነበር።